በካርቶን የሚሸፈነው ግማሽ

የጡረታ ደብዳቤዬን ከተቀበልኩ ሁለት ወር ሳይሞላ አየር ጤና አካባቢ ባለ ኮሌጅ ተመዘገብኩ። ዕድሜዬን በላቦራቶሪ ባለሙያነት አሳልፌ አሁን በቅዳሜና እሁዱ መርሐ ግብር የአንደኛ ዓመት የባዮሎጂ ተማሪ ነኝ። ስሜ ታደለች ነው፤ የክፍሌ ልጆች ግን «ማዘር» ይሉኛል። በመጀመሪያው ቀን ከፊት ወንበር ላይ ስቀመጥ አንዱ ከኋላዬ፣

«ማዘር፣ ልጅዎን ሊያስመዘግቡ ነው?» አለኝ።

«አይ፣ ራሴን ነው» ስለው ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ያ ልጅ ናትናኤል ይባላል፤ አሁን የቤተ ሙከራ ጓደኛዬ ነው።

ይህን የምጽፈው መምህራችን ስላዘዙን ነው። ትምህርቱ በሽታ አምጪ ባክቴሪያዎች በሰው አካል ውስጥ ብረትንና ሌሎች ማዕድናትን እንዴት እንደሚቆጣጠሩ የሚያስረዳ ነው። «ከራሳችሁ ሕይወት ጋር አያይዛችሁ ጻፉ፤ ከአምስት ገጽ እንዳይበልጥ» ብለውናል። የእኔ ትንሽ ረዝሟል፤ መምህራችንን ይቅርታ እጠይቃለሁ። ረቂቁን ሦስት ጊዜ ገልብጬዋለሁ፤ ማሳጠር የምችለውንም አሳጥሬዋለሁ። ከዚህ በላይ ያልቀነስኩት አንድ ምክንያት ስላለኝ ነው። በሥራ ዘመኔ ከእጄ አንድ የተሳሳተ ውጤት ወጥቷል። በዚያ ምክንያት አንድ ሕፃን ሞቷል። ጥፋቱ የተጻፈው ግን ሥራውን ባስተማሩኝ ሰው ስም ነው። ያንን ስም ማስተካከል የምችለው እኔ ብቻ ነኝ።

ከማሠልጠኛ ተቋም ስወጣ የተመደብኩት ከአዲስ አበባ ርቆ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ ነበር። መብራት አልነበረንም። ማይክሮስኮፑ ብርሃን የሚያገኘው ከሥሩ ባለች ትንሽ መስታወት ነው፤ መስታወቷን ወደ ፀሐይ እያዞርኩ ደም አያለሁ። ደመና ሲሆን ሕመምተኞቹ ደጅ ላይ ተቀምጠው ከእኔ ጋር ሰማይ ሰማይ ያያሉ። የጤና ጣቢያው ኃላፊ ቁጡ ሰው ነበሩ። ስላይዱ ላይ ወባ አላገኘሁም ስላቸው፣

«ደግመሽ እዪው! ትኩሳቱን እኔ በእጄ ነክቼዋለሁ» ይሉኛል።

ደግሜ አያለሁ፤ ከሌለ ግን የለም እላቸዋለሁ። ሦስት ዓመት እንዲህ ሠራን። ያላየሁትን አየሁ ብዬ አንድም ቀን አልጻፍኩም። በዚህ እኮራለሁ፤ አስቀድሜ የጻፍኩትም በኋላ ከማደርገው ጋር እንዲተያይ ነው።

ዝውውር ሳገኝ አዲስ አበባ፣ ኮልፌ ቀራንዮ ወዳለ ላቦራቶሪ መጣሁ። ስለ ደመወዝና ስለ ወረቀት ብዙ አልጽፍም፤ የእድገት ደብዳቤዬ ሁለት ጊዜ ጠፍቶ ሁለት ጊዜ ተጽፏል፣ ይበቃል። የአዲሱ ላቦራቶሪ የባክቴሪያ ክፍል ኃላፊ ጋሽ ሽብሩ ይባሉ ነበር። ቀጭን፣ ረጋ ያሉ፣ ነጭ ጋውናቸው ሁልጊዜ እስከ አንገት የተቆለፈ ሰው ናቸው። መጀመሪያ ያስተማሩኝ ዕቃ ማጠብ ነው።

«እኔ እኮ ዲፕሎማ አለኝ ጋሼ» አልኳቸው።

«ጠርሙሱ ዲፕሎማሽን አያውቅም። ሦስቴ አለቅልቂው፤ የመጨረሻው በዲስቲልድ ውሃ ይሁን።»

ዲስቲልድ የምንለው በእንፋሎት ተጣርቶ የሚገኘውን ንጹሕ ውሃ ነው። ለአንድ የተለየ ምርመራ የሚያገለግሉ አሥራ ሁለት ጠርሙሶች ነበሩን፤ አፋቸው ላይ ቀይ ክር ታስሯል። ለሌላ ሥራ አይነኩም፣ የብረት ማንኪያም አይገባባቸውም። ለምን ብዬ ስጠይቃቸው፣ «ከእኔ በፊት የነበሩት እንዲህ ሲያደርጉ አገኘኋቸው፤ ለምን እንደሆነ አልነገሩኝም። እኔ ደግሞ ምክንያቱን ያላወቅሁትን ነገር አልሽርም» አሉኝ።

ምርመራው ዲፍቴሪያ ለተባለው የጉሮሮ በሽታ ነው። የበሽታው ባክቴሪያ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ሰው የሚገድል መርዝ ያወጣል፣ ሌላው አያወጣም። በማይክሮስኮፕ ቢታዩ አንድ ናቸው። ለመለየት ክብ ሳህን ላይ እንደ ጄሊ የረጋ መብል ይዘጋጃል፤ እኛ ሚዲያ እንለዋለን። በመካከሉ በፀረ መርዝ የተነከረ የወረቀት ቁራጭ ይጋደማል። ከሕመምተኛው የተገኘው ባክቴሪያ ወረቀቱን አቋርጦ በመስመር ይዘራል። ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ መርዝና ፀረ መርዝ የተገናኙበት ቦታ ላይ እንደ ክር የቀጠነች ነጭ መስመር ትወጣለች። መስመር ካለች ባክቴሪያው ገዳዩ ነው።

እዚያው ሳህን ላይ ከሕመምተኛው ጎን ሌላ ይዘራል፤ መርዝ ማውጣቱን አስቀድመን የምናውቀው ዘር። እሱን ኮንትሮል እንለዋለን። በእሱ በኩል መስመር የግድ መውጣት አለበት።

የጋሽ ሽብሩ ልማድ ይህ ነበር። ከጓንት ማሸጊያ የቆረጧት አንዲት የካርቶን ቁራጭ በጋውናቸው ኪስ አትጠፋም። ሳህን ሲያነቡ በስተምሥራቅ ባለው መስኮት ይቆማሉ፤ ከሳህኑ ሥር ጥቁር ጨርቅ ይዘረጋሉ፤ የሕመምተኛውን ግማሽ በካርቶኗ ይሸፍናሉ። ኮንትሮሉን ብቻ ያያሉ። መስመሩ ከወጣ ካርቶኗን ያነሣሉ። ካልወጣ ከነሽፋኗ ሳህኑን ለማስወገድ ያስቀምጣሉ፤ የተሸፈነውን ግማሽ ጭራሽ አያዩትም።

«ለምን ቢያንስ አያዩትም ጋሼ?» ብዬ ጠይቄያቸዋለሁ።

«ካየሁት አምነዋለሁ። ሰው ነኝ» አሉኝ። «መጀመሪያ የማውቀው ይናገር። እሱ ካልተናገረ ሌላው የሚለው ሁሉ ወሬ ነው።»

ከእሳቸው ጋር በሠራሁባቸው ዓመታት ብዙ ተምሬያለሁ። ታይፎይድ ለመለየት የምንጠቀምበት ሚዲያ ብረት አለበት፤ አንዳንድ ባክቴሪያዎች የሚያወጡት ጋዝ ከብረቱ ጋር ሲዋሐድ የመሞከሪያ ቱቦው ሥር እንደ ከሰል ይጠቁራል። ቱቦውን አንሥቼ ጥቁረቱን በማየት ብቻ ግማሹን መልስ እናገር ነበር። ብረት ለእኔ ጥቁር ቀለም ነበር እንጂ ባክቴሪያው ምን እንደሚያደርግበት ጠይቄ አላውቅም።

አንድ ሳምንት ጋሽ ሽብሩ ወንድማቸው ሞቶባቸው ለለቅሶ ወደ አገር ቤት ሄዱ። ክፍሉን ለእኔ ተውልኝ። ሠፈሩ ውስጥ ውሃ ከጠፋ ቀናት ሆኖት ነበር፤ ዲስቲልድ ውሃ የሚያወጣው መሣሪያችን የቧንቧ ውሃ ካላገኘ አይሠራም። በዚያው ሳምንት ከአየር ጤና አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ ሆስፒታል ገባች። ጉሮሮዋ በግራጫ ሽፋን ተዘግቶ ነበር። ሐኪሙ ውጤት ሳይጠብቁ ፀረ መርዙን ሰጥተዋት ናሙናውን ወደ እኛ ላኩት። ከእኛ የሚጠበቀው አንድ ነገር ነው፦ መርዝ ያወጣል ወይስ አያወጣም? የሚያወጣ ከሆነ የጤና ባለሙያዎች በዚያው ቀን ቤቷ ሄደው ቤተሰቡን በሙሉ ይመረምራሉ፣ መድኃኒት ይሰጣሉ። ልጅቷ በረከት የሚባል የአራት ዓመት ወንድም ነበራት።

ቀይ ክር ያላቸው ጠርሙሶች ንጹሕ ሆነው ተደርድረዋል። ውሃ ግን የለም። ግቢያችን ውስጥ ከጎረቤት ጋራዥ የተገዛ፣ ውስጡ የዛገ የብረት በርሜል ነበረን፤ ውሃ ሲመጣ እንሞላዋለን። ከእሱ ቀዳሁ። አፈላሁት፣ በጥጥ አጠለልኩት፣ ወደ ብርሃን ይዤ አየሁት። ጥርት ያለ ነበር። ሚዲያውን በዚያ ሠራሁ። በብልሃቴ ረክቼ ነበር፤ ጋሽ ሽብሩ ሲመጡ «ውሃ ቢጠፋም ሥራ አልቆመም» እላቸዋለሁ ብዬ አስቤያለሁ።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት ሳህኑን ወደ መስኮቱ ወሰድኩ። ካርቶኗን ሲሄዱ ጠረጴዛቸው ላይ ትተዋት ነበር፤ አልወሰድኳትም። ሁለቱንም ግማሽ አንድ ላይ አየሁ። በሕመምተኛዋ በኩል መስመር የለም። በኮንትሮሉ በኩልም የለም።

የልጅቷ እናት የውጤት መስኮቱ ላይ ቆመው ነበር። አየር ጤና ጫማ የሚሸጡ ሴት ናቸው፤ ሱቃቸውን ዘግተው ነው የመጡት።

«እህቴ፣ ክፉው ነው?» አሉኝ። «ትንሹ ልጄም ጉሮሮዬን እያለ ነው፤ ይዤው ልምጣ?»

በራሴ እንዲህ ብዬ አሰብኩ፦ ኮንትሮሉ ፍሪጅ ውስጥ ቆይቷል፤ መብራትም እየሄደ እየመጣ ነው፤ አርጅቶ ይሆናል። የልጅቷ ባክቴሪያ ግን ትኩስ ነው፣ ደህና አድጓል፤ መርዝ ቢኖረው ኖሮ ያሳይ ነበር። ደግሞ ሴትየዋ የምሥራች እየጠበቁ ነው። «መርዝ አያወጣም» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ።

«ክፉው አይደለም እማማ፤ ትንሹን ብርድ ነክቶት ይሆናል» አልኳቸው።

እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው መረቁኝ። የቤት ጉብኝቱ ቀረ። ከአምስት ቀን በኋላ በረከት እዚያው ሆስፒታል ሞተ። ከእሱ የተወሰደው ናሙና በሌላ ላቦራቶሪ ሲመረመር መርዝ የሚያወጣ ነበር።

አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰብሳቢው የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ኮንትሮሉ መስመር አሳይቷል?» የሚል ነበር። «ቀጭን ነበር» አልኩ። ደመናው እስኪገፍ እየጠበቅሁ ሦስት ዓመት ያላየሁትን አላየሁም ያልኩት ሰው፣ ያን ዕለት የሌለ መስመር አየሁ አልኩ። «ዘሩ አርጅቶ ይመስለኛል» ብዬም ጨመርኩ። ዘሩን በየሳምንቱ እያደሱ የሚጠብቁት ጋሽ ሽብሩ ናቸው። ከለቅሶ ተመልሰው ሲጠየቁ፣ የኮንትሮል አጠባበቅ የእሳቸው ኃላፊነት መሆኑን ብቻ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጽፈው ፈረሙ። ኮሚቴው «ኃላፊው ዘሩን በአግባቡ ስላልጠበቁ» ብሎ ደመደመ። እሳቸውን ወደ ንብረት ክፍል አዛወሯቸው፤ እስከ ጡረታቸው ድረስ ጓንትና ሲሪንጅ ሲያድሉ ኖሩ። ካርቶኗን ጠረጴዛው ላይ ትተውልኝ ሄዱ።

ከዚያ ወዲያ ካርቶኗን ሳልጠቀም አንድም ሳህን አላነበብኩም። የክፍሉ ኃላፊ ስሆን ሁለት ሰው ሳይፈርምበት የሚወጣ ውጤት እንዳይኖር አደረግኩ። ያሠለጠንኳቸው ልጆች ዛሬ በየቦታው አሉ፤ ጎበዞች ናቸው፣ ስለ እነሱ ያለ ሃፍረት እመሰክራለሁ። ስለ ዘሩ ግን ዝም አልኩ። አርጅቶ ይሆናል የሚለውን ስደጋግመው እኔም አመንኩት።

ባለፈው ቅዳሜ ክፍል ውስጥ መምህራችን ስለ ብረት ሲያስተምሩ እንዲህ አሉ። ያለ ብረት የሚኖር ባክቴሪያ ጥቂት ነው፤ ሲበዛበት ደግሞ ይመርዘዋል፤ ስለዚህ ሲጎድል ይሰበስባል፣ ሲተርፍ ያስወጣል ወይም ያከማቻል። ሰውነታችን ይህን ስለሚያውቅ ይመስል ብረቱን በፕሮቲኖች ቆልፎ ይይዛል። ዚንክና ማንጋኒዝንም ይደብቃል። መዳብን በተቃራኒው ነጭ የደም ሕዋሳት ባክቴሪያውን ለመግደል ይጠቀሙበታል። ባክቴሪያው በበኩሉ ብረት የሚነጥቁ ረቂቅ ነገሮችን እየላከ የተቆለፈውን ይሰርቃል። ለብዙዎቹ የብረት እጦት አንድ መልእክት ነው፦ ሰው ውስጥ ገብተሃል፣ መሣሪያህን አውጣ።

«የዲፍቴሪያን ባክቴሪያ እንመልከት» አሉ። «ውስጡ አንድ ፕሮቲን አለ። ብረት ሲያገኝ ብረቱን ይዞ የመርዙ ጂን ላይ ይቀመጥና ይዘጋዋል። ብረት ሲጠፋ ይለቃል፣ ጂኑ ይከፈታል፣ መርዙ ይሠራል።»

ናትናኤል እጁን አወጣ። «ስለዚህ መምህር፣ ሲጠግብ ጨዋ ነው፣ ሲርበው ነው የሚባልግ?»

«እንደዚያ ልትለው ትችላለህ። ፈተና ላይ ግን እንደዚያ እንዳትጽፍ።»

ክፍሉ ሲስቅ የእኔ እስክሪብቶ ቆሞ ነበር። «መምህር» አልኩ፣ «ሚዲያው የተሠራበት ውሃ ከዛገ በርሜል ቢሆንስ?»

«ብረቱ በቂ ከሆነ መርዝ የሚያወጣውም ዘር እንደማያወጣ ይመስላል። ለምን ጠየቁ?»

«እንዲያው ነው» አልኩ። ናትናኤል ግን ወደ እኔ ዞሮ «ማዘር፣ ደህና ኖት?» አለኝ።

ደህና ነበርኩ። እንዲያውም ደስ ብሎኝ ነበር፤ ይህንን መደበቅ አልፈልግም። ዘሩ አላረጀም! ጋሽ ሽብሩ ነፃ ናቸው፤ እኔም ነፃ ነኝ ብዬ አሰብኩ፤ ጥፋቱ የበርሜሉ ነው። በማግስቱ እሁድ ከክፍል እንደወጣሁ ታክሲ ይዤ ወደ ቀራንዮ ሄድኩ። ቤታቸው ከመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ነው። ሲያዩኝ ኮዳ እያለቀለቁ ነበር። ልጃቸው ከውስጥ፣ «አባባ፣ ሦስተኛ እኮ ነው! ውሃው አለቀ!» ትላለች።

«ዲፕሎማ አላት፤ አታውቅም» አሉኝ ወደ ቤቱ እያመለከቱ። ሁለታችንም ሳቅን።

ግቢው ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ደብተሬን አውጥቼ ሳህኑን ሣልኩላቸው፤ በቀኝ «ታካሚ»፣ በግራ «ኮንትሮል» ብዬ ጻፍኩ። ስለ ፕሮቲኑ፣ ስለ ብረቱ፣ ስለ በርሜሉ አንድ በአንድ አስረዳኋቸው። ዓይናቸው በራ።

«ብረቱን ይዞ ነው የሚቀመጠው?»

«አዎ ጋሼ።»

«ጎበዝ! ቀይ ክሩ ለዚህ ነበር ለካ። ስንት ዘመን ለምን እንደሆነ ሳላውቅ ጠበቅሁት!»

«ስለዚህ ጋሼ፣ ዘሩ አላረጀም ነበር። ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም። የበርሜሉ ነው።»

ሥዕሉን ደግመው አዩት። ከዚያ እርጥብ መዳፋቸውን በሱሪያቸው አደረቁና ሥዕሉ ላይ አኖሩት። «ታካሚ» ያልኩት ግማሽ ተሸፈነ።

«እዚህ ጋ መስመር ነበረ?» አሉኝ፣ በሌላው ጣታቸው ኮንትሮሉን እያሳዩ።

«ቀጭን...»

«ታደለች።»

«አልነበረም ጋሼ።»

«ታዲያ በርሜሉ ምን አጠፋ? በርሜሉማ ነግሮሽ ነበር። ኮንትሮሉን አጥፍቶ አትመኚኝ ብሎሻል።»

 መዳፋቸውን አላነሡም።

«ከለቅሶ እንደተመለስኩ ዘሩን በንጹሕ ውሃ ሠርቼ ዘራሁት» አሉ። «መስመሩ እንደ ክር ወጣ።»

«ያውቁ ነበር? ታዲያ ለኮሚቴው ለምን አልተናገሩም?»

«ዘሩ አርጅቷል ብዬም አልጻፍኩም። ኃላፊው እኔ ነኝ ነው ያልኩት፤ ነበርኩም። አንድ ሰው ብቻውን አንብቦ፣ ብቻውን ፈርሞ ውጤት እንዲያወጣ የተውኩ እኔ ነኝ። የእኔን እኔ ጻፍኩ። የቀረው የአንቺ ነበር፤ አንቺ እንድትናገሪው ፈለግሁ። ነገ ትመጣለች እያልኩ ስጠብቅ ጊዜው ሄደ።»

«ቆየሁ ጋሼ።»

«ቆየሽ» አሉ። ከዚያ መዳፋቸውን አነሡ። «አሁን ጻፊው።»

«ለማን ልጻፍ?»

«ውጤት የሚጻፈው ለማን ነው? ሥራሽን ረሳሽው እንዴ?»

ስመለስ አየር ጤና ወረድኩ። የጫማ ሱቁ ዛሬ የስልክ ዕቃ ይሸጥበታል። አጠገቡ ያሉ ልብስ ሰፊ የልጆቹን እናት ያስታውሷቸዋል፤ ዓለም ባንክ ሠፈር በኩል ቤት ሠርተው ገብተዋል አሉኝ። ልጅቷ አድጋ አግብታለች። የምወርድበትን ፌርማታ ደብተሬ ጀርባ ላይ ጻፉልኝ። በሚመጣው ቅዳሜ ከክፍል በኋላ ሄጄ በራቸውን አንኳኳለሁ፤ እጄን ይዘው የመረቁኝን ሰው ዓይናቸውን እያየሁ እነግራቸዋለሁ። የማነብላቸውም ከዚህ በታች ያለውን ነው፤ ያኔ በተሳሳተው ምትክ መስጠት የነበረብኝን ወረቀት።

ናሙና፦ ከሰባት ዓመት ልጅ ጉሮሮ።
ሚዲያ፦ ከብረት በርሜል በተቀዳ ውሃ የተሠራ።
ኮንትሮል፦ መስመር አላሳየም።
ውጤት፦ የለም። ሳህኑ አይነበብም፤ ምርመራው ይደገም። እስከዚያው የቤተሰቡ ጉብኝት አይቅር፤ ትንሹ ልጅ ዛሬውኑ ይታይ።
ያነበበችው፦ ታደለች፣ ብቻዋን።